ለአውራ በጋችንም ቤት እንቁጠር

በሰሜን ጎንደር ደጋ በግ የቤት ባንክ ነው። የማዳበሪያ ክፍያ ሲደርስ፣ ልጅ ትምህርት ቤት ሲመዘገብ፣ ሰው ታሞ ወደ ጎንደር ሲላክ ከሁሉ አስቀድሞ ከበረት የሚወጣው በግ ነው። ከደባርቅና ከዳባት ገበያ እስከ መካነ ብርሃን፣ ከበየዳ ተራሮች እስከ ጠለምት አፋፍ ድረስ ገብስና በግ ተደጋግፈው የሚያኖሩት ቤተሰብ ብዙ ነው። ገብሱን ውርጭ ወይም በረዶ ሲመታው ዓመቱን የሚያሻግረው በጉ ነው።

ስለዚህ "በጋችን አነሰ፣ ግልገሉ ቀጨጨ፣ እናቲቱ መውለድ አዘገየች" የሚል ቅሬታ ሲነሳ ቀላል ነገር አይደለም። ምክንያቱ ሲጠየቅ የግጦሽ ማነስ፣ የውስጥ ጥገኛ ትል፣ የመድኃኒት እጥረትና ድርቅ ይጠቀሳሉ። ሁሉም እውነት ናቸው። ነገር ግን ከነዚህ ጋር አብሮ የሚሠራ፣ ብዙ ጊዜ ግን የማይጠራ ሌላ ምክንያት አለ። እሱም እናቶቹን የሚያጠቃው አውራ በግ ከየት መጣ፣ የማን ልጅ ነው የሚለው ጥያቄ አለመጠየቁ ነው።

የእኛ ሕዝብ ስለ ዝምድና ከማንም በላይ ጠንቃቃ ነው። ወንድና ሴት ልጅ ከመተጫጨታቸው በፊት ሽማግሌ ተቀምጦ በአባትም በእናትም ወገን እስከ ሰባት ቤት ይቆጥራል። የሥጋ ዝምድና ከተገኘ ጋብቻው ይቀራል። "ዘር ከልጓም ይስባል" የሚለው አባባልም ከወላጅ ወደ ልጅ የሚተላለፍ ነገር መኖሩን አባቶቻችን አሳምረው ያውቁ እንደነበር ይመሰክራል። ለሰው ሰባት ቤት የምንቆጥር ሰዎች ግን በገዛ በረታችን ላለው በግ አንድ ቤት እንኳ አንቆጥርም። የዚህ ገጽ አቋም ግልጽ ነው፤ ለአውራ በጋችንም ቤት መቁጠር አለብን። ገበሬው ብቻውን ሊወጣው የሚችል ሥራ ስላልሆነም ወረዳና ቀበሌ ሊያደራጁት ይገባል።

በብዙ ቤት የሚሆነውን እንመልከት። አንድ ቤተሰብ ስድስት ወይም ስምንት እናት በጎች አሉት። ወንድ ግልገሎች ይወለዳሉ። ከነሱ ፈጥኖ ያደገው፣ ደረቱ የሰፋውና ቁመናው ያማረው ለእንቁጣጣሽ፣ ለመስቀል፣ ለገና ወይም ለፋሲካ ገበያ ይወጣል። ጥሩ ዋጋ የሚያወጣው እሱ ነውና አይፈረድም። ዋጋ የማያወጣው ቀጫጫ ጠቦት ይቀራል። በስድስትና በሰባት ወሩ ለአቅመ ርቢ ሲደርስ ከፊቱ ያሉት ሴቶች እናቱ፣ እህቶቹና የአባቱ ልጆች ናቸው። ማንም ሳይመርጠው የመንጋው አባት ይሆናል። በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ የገዛ ሴት ልጆቹ ይደርሱለታል። እንዲህ እያለ መንጋው በሁለት መንገድ ይጎዳል፤ ከወንዶቹ የተሻለው ዘሩን ሳይተው ይሸጣል፣ የቀረው ደግሞ ከቅርብ ዘመዶቹ ጋር ይራባል።

በደም ውስጥ የተደበቀው

ጉዳቱ እንዴት እንደሚመጣ ለመረዳት ሳይንሱ ከባድ አይደለም። ማንኛውም በግ ለእያንዳንዱ ወራሽ ባሕርይ ሁለት ቅጂ ይዟል፤ አንዱን ከአባቱ፣ ሌላውን ከእናቱ። ከሁለቱ አንዱ ጉልበተኛ ሲሆን ሌላውን ይሸፍነዋል። የተሸፈነው ግን አልጠፋም፤ ለልጅ ይተላለፋል። ነጭ አባትና ነጭ እናት ጥቁር ግልገል ሲወልዱ ያየ ገበሬ ይህን በዓይኑ አይቷል። እናቲቱ ከሌላ ጥቁር በግ ጋር ሄዳ ላይሆን ይችላል፤ ጥቁረቱ በሁለቱም ወላጆች ውስጥ ተደብቆ ቆይቶ በልጁ ላይ ሁለቱ ቅጂዎች ሲገናኙ ወጣ እንጂ።

የጠጉር ቀለም ጉዳት የለውም። እንደ ጥቁረቱ ተደብቀው የሚኖሩ ጎጂ ባሕርያት ግን በማንኛውም ዝርያ ውስጥ አሉ። አንድ አውራ በግ እንዲህ ያለ አንድ ጎጂ ቅጂ በድብቅ ይዟል እንበል። ከሩቅ መንጋ ከመጡ እናቶች ጋር ሲገናኝና ያን ጎጂ ቅጂ የያዘችው ከ50 እናቶች አንዷ ብቻ ስትሆን፣ ችግሩ በግልጽ የሚታይበት ግልገል የሚወለደው በአማካይ ከ200 አንድ ነው። ይኸው አውራ ከገዛ ሴት ልጆቹ ጋር ሲገናኝ ግን ሴት ልጆቹ ግማሾቹ ያንኑ ቅጂ ከሱ ስለወረሱ ከስምንት ግልገሎች አንዱ ጉዳተኛ ይሆናል። በጉ ያው በግ ነው፤ ደሙም ያው ደም ነው። ልዩነቱን ያመጣው ዝምድናው ብቻ ነው።

ከነዚህ ጉድለቶች አንዳንዶቹ በዓይን ይታያሉ። የላይኛውና የታችኛው መንጋጋ ሳይገጥም ቀርቶ ግልገሉ ጡት መሳብ፣ ሲያድግም ሣር መንጨት ይቸገራል። የዓይን ሽፋን ወደ ውስጥ ታጥፎ ጠጉሩ ብሌኑን ሲፍቀው ዓይኑ ያለቅሳል፣ ካልታከመም ሊጠፋ ይችላል። የወንዱ ግልገል አንዱ ፍሬ ወይም ሁለቱም ሳይወርዱ ሆድ ውስጥ ይቀራሉ። አንዳንዱ ከእኩዮቹ በጣም ያነሰና አጫጭር እግር ያለው ሆኖ ይወለዳል። እንዲህ ያለ ግልገል አንዴ ቢወለድ አጋጣሚ ሊሆን ይችላል፤ ከአንድ አውራ ልጆች መካከል ሲደጋገም ግን ጥርጣሬው ወደ ዘሩ መሄድ አለበት።

ትልቁ ኪሳራ ግን በዓይን የሚታየው አይደለም። በዝምድና የተራባ መንጋ በጥቂት በጥቂቱ ይዳከማል። ግልገሉ ሲወለድ ክብደቱ ይቀንሳል፣ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በብርድና በበሽታ የሚሞተው ይበዛል፣ ዕድገቱ ይዘገያል፣ እናቲቱ ቶሎ አትፀንስም፣ ወተቷም ይጎድላል። ይህ እንደ ወረርሽኝ ሆኖ በአንድ ሳምንት አይመጣም። ዘንድሮ አንድ ግልገል ይጎድላል፤ ከርሞ አንዷ እናት ሳትወልድ ትቀራለች፤ በሦስተኛው ዓመት ለፋሲካ የደረሰው በግ ከወትሮው ያነሰ ዋጋ ያወጣል። ገበሬው ዓመቱን ይረግማል፤ ምክንያቱ ግን በበረቱ ውስጥ ቆሞ እያመሰኳ ነው።

ሕጉ ለእንስሳት ሁሉ አንድ ነው። በሌሎች አገሮች በጓሮ ጥንቸል የሚያረቡ ሰዎች ይህን ስህተት ቶሎ ያዩታል፤ ጥንቸል በ31 ቀን ስለምትወልድ በሁለት ዓመት ውስጥ ብዙ ትውልድ ይተካካል። በእኛ ቤት ከአንድ አውራ ዶሮ ጋር ለዓመታት የሚቆዩ አምስትና ስድስት ዶሮዎችም ከዚሁ አያመልጡም። በግ ግን አምስት ወር ታረግዛለች፤ አንድ ትውልድ እስኪተካ ሁለትና ሦስት ዓመት ይወስዳል። ዛሬ የተፈጸመው ስህተት ውጤቱ ሲታይ ምክንያቱ ተረስቷል። ችግሩ ሳይጠራ የኖረውም ለዚህ ነው።

ቁጥሩ የሚናገረው

የእንስሳት እርባታ ባለሙያዎች የዝምድናን መጠን በመቶኛ ይለካሉ። ወላጆቻቸው የማይዛመዱ በግ ዜሮ ነው። በአባት ብቻ የሚገናኙ ወንድምና እህት ልጅ ቢወልዱ 12.5 በመቶ ይሆናል። አባት ከሴት ልጁ ወይም ወንድም ከእናት አባት እህቱ ቢወልድ 25 በመቶ ይደርሳል። ያው አባት ከሴት ልጁ ከወለዳት ልጅ እንደገና ቢወልድ 37.5 በመቶ ይሆናል። አንድ አውራ በግ በአንድ በረት አራት ዓመት ከቆየ ወደዚህ ለመድረስ የሚያግደው ነገር የለም።

አሁን ወደ መንጋው እንምጣ። ከውጭ አዲስ በግ የማይገባበት፣ አንድ አውራና ስምንት እናቶች ያሉት መንጋ በእያንዳንዱ ትውልድ ዝምድናው በ14 በመቶ ገደማ ይጨምራል። የዓለም የምግብና የግብርና ድርጅት የሚመክረው ከ1 በመቶ እንዳይበልጥ ነው። ገበሬው እናቶቹን ከስምንት ወደ 20 ቢያሳድግስ? ጭማሪው ወደ 13 በመቶ ብቻ ዝቅ ይላል፤ ለውጡ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ምክንያቱም ግልገሎቹ ሁሉ የአንድ አባት ልጆች ሆነው ይቀራሉ። በአንጻሩ የሠፈሩ ሰዎች ተባብረው 300 እናቶችንና 15 የማይዛመዱ አውራዎችን እንደ አንድ መንጋ ቢመሩ ጭማሪው ከ1 በመቶ በታች ይወርዳል።

ከዚህ ስሌት የሚወጣው ትምህርት ለገበሬውም ለአመራሩም አንድ ነው። መፍትሔው እናት በግ በማብዛት አይገኝም፤ የሚገኘው አውራዎችን በማብዛትና በማዘዋወር ነው። ይህን ደግሞ አንድ ቤት ብቻውን ሊያደርገው አይችልም። ስምንት እናት ላለው ሰው ሦስትና አራት አውራ መቀለብ ኪሳራ ነው። ጎረቤት ከጎረቤት ሲተባበር ግን የእያንዳንዱ ቤት አንድ አውራ ለሁሉም ይበቃል።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የቀጨጨ ግልገል ሁሉ የዝምድና ውጤት አይደለም። የመኖ እጥረት፣ የጉበትና የሳንባ ትል፣ ደስታ መሰል የበግና የፍየል በሽታም ተመሳሳይ ምልክት ያሳያሉ። ለመለየት የሚረዳ ቀላል ዘዴ አለ። ከተለያየ አባት የተወለዱት ሁሉ እኩል ከቀጨጩ መጀመሪያ መኖውንና ጤናውን መፈተሽ ይገባል። በአንድ ግጦሽ ውለው፣ በአንድ በረት አድረው፣ የአንዱ አውራ ልጆች ብቻ ደካማ ከሆኑ ግን ጣታችንን ወደ አውራው እንጠቁም። ይህን ለማወቅ የግልገሉን አባት ማወቅ ግድ ነው፤ ስለዚህም ምዝገባ ያስፈልጋል።

መንጋው እየጠበበ የመጣበት መንገድ

ድሮ ይህ ችግር ጨርሶ አልነበረም ማለት አይቻልም፤ ማርገቢያ ግን ነበረው። በወል ግጦሽ የመንደሩ በጎች ተቀላቅለው ይውላሉ። እናቲቱ ከራሷ በረት አውራ ይልቅ ከጎረቤት አውራ ልትፀንስ ትችላለች። የልቅ ግጦሽ ድብልቅ ሳይታሰብ ደም ያቀላቅል ነበር። ዛሬ ተፋሰስ እየተከለለ፣ ልቅ ግጦሽ እየቀረ፣ መኖ እየታጨደ ወደ በረት እየመጣ ነው። ይህ ለሰሜን ተራሮች ተዳፋት መሬት የሚያስፈልግ ትክክለኛ ሥራ ነው፤ ይህ ገጽም ይደግፈዋል። ነገር ግን በጎቹ በየበረታቸው ሲዘጉ ደማቸውም አብሮ ይዘጋል። ግጦሽ የሚከልል ቀበሌ የአውራ በግ አገልግሎትንም አብሮ ማደራጀት አለበት። እስካሁን በልቅ ግጦሽ ቅነሳ ዕቅዶቻችን ውስጥ ይህ ነጥብ ተገቢ ቦታ አላገኘም።

ሁለተኛው መንገድ ድርቅ ነው። በ2015 እና በ2016 ዓ.ም በጃን አሞራ፣ በበየዳና በጠለምት የደረሰው ድርቅ በሰውም በእንስሳትም ላይ ከባድ ጉዳት አድርሷል። ከዚያ በፊት የነበረው ጦርነትም የብዙ ቤተሰብ በረት ባዶ አድርጓል። ከእንዲህ ዓይነት ጉዳት በኋላ ቤተሰብ የሚነሳው በሦስትና በአራት በግ ነው። ከጥቂቶች የተነሳ መንጋ ገና ከመጀመሪያው ጠባብ ነው፤ ካልታሰበበት በሁለት ትውልድ ውስጥ ሁሉም ዘመዳሞች ይሆናሉ።

የርቢ ልማዳችንም እዚህ ላይ መታየት አለበት። በግ በርቢ መስጠት ድሃው ጥሪት እንዲያፈራ የሚያግዝ፣ ሊጠበቅ የሚገባው ጥሩ ባህል ነው። ነገር ግን የአንዱ ሰው በጎች በርቢ በአምስት ቤት ሲበተኑ የአምስቱም ቤት በጎች እህትማማቾች ይሆናሉ። ገበሬው "ከጎረቤቴ አውራ ተዋስኩ፣ ደም ቀየርኩ" ብሎ ያስባል፤ የተዋሰው ግን የራሱን እናት በጎች ወንድም ሊሆን ይችላል። የሠፈር ርቀት የደም ርቀት አይደለም።

ለተጎዱ ቤተሰቦች በግ የሚያከፋፍሉ መሥሪያ ቤቶችና ድርጅቶችም ይህን ልብ ሊሉ ይገባል። ሴቶቹም አውራውም ከአንድ ገበያ፣ ከአንድ ነጋዴ፣ ምናልባትም ከአንድ በረት ተገዝተው ለአንድ ቤተሰብ ከተሰጡ ዕርዳታው ችግሩን አብሮ አከፋፈለ ማለት ነው። በሪፖርት ላይ የሚጻፈው የተሠራጩ በጎች ብዛት ነው። አውራው ከየት መጣ የሚል ረድፍ በሪፖርቱ ቅጽ ላይ ቢጨመር ወጪው የአንድ መስመር ቀለም ብቻ ነው።

ጠባብ መንጋ ምን እንደሚያመጣ ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ዋሊያ ከደጃችን ነው። በዓለም ላይ የቀረው በሰሜን ተራሮች ብቻ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ቁጥሩ ወደ 150 ገደማ ወርዶ እንደነበር የዚያ ዘመን ግምቶች ያሳያሉ። ፓርኩ ተከልሎ፣ እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት ተመዝግቦ፣ ከዚያ በኋላ ቁጥሩ ከፍ ዝቅ ሲል ቆይቷል። በዘሩ ላይ የተደረገ ጥናት ግን ስብጥሩ እጅግ ዝቅተኛ መሆኑን አረጋግጧል። ቁጥር ቢመለስም የጠፋ የደም ስብጥር አብሮ አይመለስም። ለዋሊያ ከሌላ አገር አውራ ማምጣት አይቻልም፤ ሌላ ዋሊያ የለምና። በግ ግን ዕድለኛ ነው፤ ከደባርቅ የሚያስፈልገው አውራ ጃን አሞራ ላይ አለ።

የውጭ ደም ያስፈልጋል ወይ?

"እንግዲያው የውጭ ዝርያ ይምጣልን" የሚሉ አሉ። ይህ ሌላ ጥያቄ ነው፤ ከዝምድና ጥያቄ ጋር መቀላቀል የለበትም። የሰሜን በግ በኢትዮጵያ የበግ ዝርያዎች ላይ በተደረገው የዶክተር ሰሎሞን ግዛው ጥናት ራሱን የቻለ ዝርያ ሆኖ የተመዘገበ ነው። አጭር ላታም፣ ከስሩ ሱፍ መሰል ጠጉር ያለው፣ ወንዱ ቀንዳም፣ ከደጋ በጎቻችንም በአካሉ ግዙፍ ከሚባሉት አንዱ ነው። ብርዱን፣ ውርጩንና ገደላማውን መሬት ችሎ የኖረው በዚህ ተፈጥሮው ነው። ለዝምድና መድኃኒቱ ከዚያው ዝርያ የማይዛመድ አውራ ማምጣት ነው። ከዳባት ወደ ደባርቅ፣ ከበየዳ ወደ ጃን አሞራ ማዘዋወር በቂ ነው። ዝርያውን በችኮላ ከውጭ ደም ጋር መደባለቅ ግን ተመልሶ የማይገኝ ሀብት ሊያሳጣን ይችላል።

ሌላ ክርክርም ይነሳል፤ "ፈረንጆች ዝርያቸውን ያወጡት ዘመድን ከዘመድ በማራባት አይደለም ወይ?" የሚል። እውነት አለው። በ18ኛው ክፍለ ዘመን እንግሊዛዊው ገበሬ ሮበርት ቤክዌል የቅርብ ዘመዳሞችን በማራባት ታዋቂውን የሌስተር በግ አውጥቷል። ነገር ግን ቤክዌል አውራዎቹን ለሌሎች ገበሬዎች እያከራየ የልጆቻቸውን ጥራት በብዙ መንጋ ላይ ያይ ነበር፤ ደካማውን ያለ ርኅራኄ ያስወግድ ነበር፤ መዝገብም ይይዝ ነበር። የሚጥለው ብዙ ስለነበረው ነው ያዋጣው። ስምንት እናት ያለው የደባርቅ ገበሬ የሚጥለው የለውም።

ከመንዝ የምንማረው

ምሳሌው በክልላችን አለ። እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ በመንዝ የደብረ ብርሃን ግብርና ምርምር ማዕከል ከዓለም አቀፍ የምርምር ተቋማት ጋር ሆኖ ማኅበረሰብ አቀፍ የበግ ዝርያ ማሻሻያ አስጀምሯል። ቦንጋና ሆሮም በተመሳሳይ መንገድ ተካተዋል። አሠራሩ ውስብስብ አይደለም። የአንድ መንደር ገበሬዎች በጎቻቸውን በየቤታቸው እያኖሩ በእርባታ ግን እንደ አንድ መንጋ ይቆጥሯቸዋል። ግልገል ሲወለድ እናቱና የተወለደበት ቀን ይመዘገባል፤ በየጊዜው ይመዘናል። ወንዶቹ ሲደርሱ ክብደታቸውን የሚያሳየው መዝገብ ይታያል፤ ገበሬዎች የመረጧቸው ኮሚቴዎችም ቁመናውን፣ ቀለሙንና እግሩን አይተው ይፈርዳሉ። የተመረጡት ይያዛሉ፤ ያልተመረጡት ይኮላሻሉ ወይም ይሸጣሉ።

ዋናው ብልሃት ግን ከምርጫው በኋላ ያለው ነው። የተመረጡት አውራዎች ለጥቂት ቤቶች ቡድን በቡድን ይሰጣሉ፤ ጊዜያቸው ሲያልቅ ወደ ሌላ ቡድን ይዛወራሉ። ባለቤቱ ምርጥ ጠቦቱን ለፋሲካ እንዳይሸጥ በተዘዋዋሪ ገንዘብ ዋጋው ይከፈለዋል። አገልግሎቱን የጨረሰው አውራ ሲሸጥ ገንዘቡ ተመልሶ ሌላ አውራ ይገዛል። በዚህ አንድ አሠራር ሁለቱም ቀዳዳዎች ይደፈናሉ፤ የተሻለው ዘሩን ሳይተው አይሸጥም፣ ዘመዳሞችም አይገናኙም።

ገበሬው ነገ ጠዋት የሚጀምረው

ወረዳው እስኪደራጅ መጠበቅ አያስፈልግም። አንደኛ፣ አንድ አውራ በአንድ በረት ከአንድ ዓመት ብዙም አይቆይ። ስሌቱ ቀላል ነው፤ እናቲቱ አምስት ወር ታረግዛለች፣ ሴቷ ግልገል በሰባትና በስምንት ወሯ ለርቢ ልትደርስ ትችላለች። ሴት ልጆቹ ከመድረሳቸው በፊት አውራው መውጣት አለበት።

ሁለተኛ፣ ለዘር ያልተመረጠ ወንድ ሁሉ ለአቅመ ርቢ ሳይደርስ ይኮላሽ። የተኮላሸው ሙክት ሆኖ በበዓል ገበያ ጥሩ ዋጋ ያወጣልና ኪሳራ የለውም። ማኮላሸቱ ቢቻል በቀበሌው የእንስሳት ጤና ባለሙያ በቡርዲዞ ቢሆን ቁስልና ስቃይ ይቀንሳል።

ሦስተኛ፣ ሦስት ወይም አራት የማይዛመድ በግ ያላቸው ቤቶች ይስማሙ። የመጀመሪያው ቤት አውራ ወደ ሁለተኛው፣ የሁለተኛው ወደ ሦስተኛው፣ የሦስተኛው ወደ መጀመሪያው በየዓመቱ ይዙር። ዑደቱ ሁልጊዜ በአንድ አቅጣጫ ይሁን፤ ወደ ኋላ ከተመለሰ አውራው ከዘመዶቹ ጋር ይገናኛል። ጥቂት ዙር ካለፈ በኋላም ከሌላ ቀበሌ አዲስ አውራ ይጨመርበት። አውራውን የሚቀልበው ቤት ድካሙ ሜዳ ላይ እንዳይቀር የቡድኑ አባላት ድርቆሽ ወይም ገለባ ያዋጡ። ይህ ለደቦና ለወንፈል ሕዝብ አዲስ አይደለም።

አራተኛ፣ ምልክት ይደረግ። ገበሬው በጉን ከሌላው ለመለየት ጆሮውን የመብጣት ልማድ አለው። ያንኑ ልማድ የአባቱን ማንነት ለማወቅ ይጠቀምበት፤ የዘንድሮው አውራ ልጆች በግራ ጆሮ፣ የከርሞው ልጆች በቀኝ ጆሮ ምልክት ይያዙ። ትምህርት ቤት የገባ ልጅ ያለበት ቤት ደግሞ ደብተር ይያዝ፤ የግልገሉ የልደት ቀን፣ እናቱ፣ አባቱ። ሦስት ረድፍ ይበቃል።

አምስተኛ፣ አውራ ሲመረጥ አፉ ይከፈት፣ ዓይኑ ይታይ፣ ሁለቱም ፍሬዎቹ መውረዳቸው በእጅ ይዳሰስ። ጉድለት ያለበት አውራ ቢያምርም ለዘር አይቀመጥ። ከሌላ ቀበሌ የመጣ አውራ ከመንጋው ከመቀላቀሉ በፊት ሦስት ሳምንት ለብቻው ይቆይ፤ ክትባቱና የትል መድኃኒቱ ይሟላለት። አዲስ ደም ስንፈልግ አዲስ በሽታ እንዳናስገባ።

የወረዳው ድርሻ

ከአመራሩ የሚጠበቀው በአብዛኛው ገንዘብ አይደለም፤ ሥርዓት ማበጀት ነው። የወረዳ እንስሳት ሀብት ጽሕፈት ቤቶች በየቀበሌው ስንት አውራ በግ እንዳለና ከየት እንደመጣ ይቁጠሩ። ይህ ቆጠራ ክትባት ሲሰጥ አብሮ ሊሠራ ይችላል፤ ባለሙያው በየበረቱ መግባቱ አይቀርምና። ደባርቅ፣ ዳባት፣ ጃን አሞራና በየዳ በዓመት አንድ ጊዜ የአውራ በግ ልውውጥ ቀን ቢወስኑ ገበሬው ነጋዴ ሳይገባበት አውራውን በአውራ ይለውጣል። ልውውጡ ከመኸር በኋላ፣ መንገዱ ሲደርቅና በጉ ጥሩ አካል ሲይዝ ቢሆን ይመረጣል።

የቁጠባና ብድር ማኅበራት ለአውራ በግ ግዥ አነስተኛ ተዘዋዋሪ ገንዘብ ቢመድቡ ምርጡን ጠቦት ከበዓል ቢላዋ ያተርፋሉ። በግ የሚያከፋፍል ማንኛውም ፕሮጀክት አውራውን ሴቶቹ ከተገዙበት ቀበሌ ውጭ እንዲገዛ ወረዳው ግዴታ ያስገባ። ልቅ ግጦሽ የሚከለክል የቀበሌ መተዳደሪያ ደንብም የአውራ አገልግሎትን የሚመለከት አንቀጽ ይኑረው። የደባርቅና የጎንደር ዩኒቨርሲቲዎችም ተማሪዎቻቸውን ለተግባር ልምምድ ሲያሰማሩ የግልገል ምዝገባውን ቢያግዙ መዝገቡ ለገበሬውም ለተመራማሪውም ይጠቅማል።

የቀበሌ ባለሙያው ሥራም ይለወጥ። በጓሮ የተገኘውን ደካማ ግልገል አይቶ መድኃኒት ብቻ አዞ ከሚሄድ "የማን ልጅ ነው? አባቱስ የማን ልጅ ነው?" ብሎ ይጠይቅ። ገበሬው ጥያቄውን ይረዳዋል፤ ልጁን ሲድር ሲጠየቅ የኖረው ይኸው ጥያቄ ነውና።

ድርቁን በአንድ ዓመት መከላከል አይቻልም። የመኖ እጥረትም በአንድ ክረምት አይፈታም። አውራ መለወጥ ግን ከጎረቤት ጋር የግማሽ ቀን ምክክርና አንድ ገመድ ይጠይቃል። ከፊታችን ያለው የበዓል ገበያ ሳይደርስ እያንዳንዱ ገበሬ በረቱ ገብቶ አውራውን ይመልከተውና ከእናቶቹ ጋር ስንት ቤት እንደሚራራቅ ይቁጠር። ሰባት ባይሞላ ቢያንስ አንድ ወይም ሁለት ይሁን። አንድም ካልተገኘ አውራው ለሌላ ቀበሌ ይሰጥ፤ በምትኩም ከሌላ ቀበሌ ሌላ አውራ ይምጣ።